ቻው ብሎ የገባው አማች

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ፣ ጀበናው ተጥዷል። የዛሬው ጨዋታችን ሁለት ፊደል ስለሆነች አንዲት ቃል ነው። ትንሽ ናት፣ አራዳ ናት፣ ከአፋችን አትጠፋም። በቀን ስንቴ እንደምላት ልቁጠር ብዬ አንድ ቀን ተነስቼ ነበር። ከምሳ በፊት ሠላሳን አለፍኩና ተውኩት።

ነገሩን ያስጀመረኝ የአክስቴ አማች ነው። የአክስቴ ልጅ ጣልያን አገር ፓዶቫ በምትባል ከተማ ከኖረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እዚያው አግብታ ባለፈው ገና ባሏን ልታስተዋውቅ ይዛው መጣች። ሰውየው ከአማርኛ የሚያውቀው "አመሰግናለሁ" እና "በቃኝ" ብቻ ነው። ሁለተኛዋን ደግሞ ቢላትም ሰሚ የለውም። አክስቴ ሳሎኑን ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ ረከቦቱን ዘርግተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይጠብቃሉ። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ፈንዲሻው ሞቅ እንዳለ ነው። በሩ ተከፈተና ያ ረጅም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ፦

"ቻው!" አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ ማርገብገቢያውን በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ።

"ምነው ልጄ፣ ገና አቦሉ ሳይወርድ?"

ጥግ ላይ ቁጭ ያለችው የሦስት ዓመት ልጅ ግን ነገሩ ወዲያው ነው የገባት። እንደተማረችው ትንሿን መዳፏን እየከፈተች እየዘጋች "ቻው! ቻው!" ብላ ሸኘችው። ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ አብሮን ሳቀ።

ምንም አላጠፋም። ጣልያን ሲገናኝም ቻው ነው፣ ሲለያይም ቻው ነው። ጠዋት ቡና ቤት ሲገባ ቻው፣ ጠጥቶ ሲወጣ ቻው። እኛ ግን ቃሉን ስንቀበል በግማሽ ነው የተቀበልነው። መግቢያውን ትተን መውጫውን ወሰድን። በአማርኛ ቻው ሁልጊዜ ጀርባ ነው፣ ፊት ሆኖ አያውቅም።

መውጫውን ብንወስድም ታዲያ በደንብ አርገን አሰፋነው። "እነ እገሌ ቻው ተባብለዋል" ሲባል ማንም ሰው ወዴት ሄዱ ብሎ አይጠይቅም፤ ፍቅሩ እንዳበቃ ይገባዋል። "ደሞዜ ገና በአሥረኛው ቀን ቻው አለኝ" ይላል የመንግሥት ሠራተኛ። "ሲጋራን ቻው ካልኩት ሁለት ዓመቴ" ይላል ሌላው፣ በሁለተኛው ሳምንት። ለማይመልስ ሰው ብር ልታበድሩ ስትሉ ጓደኛችሁ ጠጋ ብሎ "ያን ብር ቻው በለው" ይላችኋል። አንድ ወዳጄ ስልኩ ከደረት ኪሱ ሾልኮ ሽንት ቤት ቀዳዳ ውስጥ ሲገባበት ከአፉ የወጣችው ብቸኛ ቃል እሷው ነበረች። በጣም በቀስታ፣ በአክብሮት ጭምር፣ "ቻው" አለ። ጣልያኖቹም ለነገሩ እንዲህ ያለች አነጋገር አለቻቸው። አንድ ጉዳይ አልቆለት የሚመለስ ነገር ሲጠፋ "ኤ ቻኦ!" ብለው እጃቸውን ያራግፋሉ።

የስልኩ ግን ለብቻው ነው። የኛ ሰው ስልክ የሚዘጋው እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፦

"እሺ በቃ ቻው።"

"ቻው። ሁሉንም ሰላም በይልኝ።"

"እላለሁ። አንቺም እነ እማማን።"

"እሺ። ቻው።"

"ቻው። እ... ያንን ነገር እንዳትረሺ።"

"አልረሳም። ቻው ቻው።"

"እሺ ቻው ቻው ቻው ቻው ቻው..."

የመጨረሻዎቹ እየራቁ፣ እየቀጠኑ፣ ስልኩ ከጆሮ ሲነሳ አየር ላይ ይቀራሉ። አማቻችን አክስቴን ስልክ ሲያወሩ ሰምቶ ሚስቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። "እናቴ!" አላት። ለካ እነሱም አገር እንዲሁ ነው። የጣልያን እናትም ስልክ የምትዘጋው አምስት ስድስት ቻው አከታትላ፣ ድምጿን እያወረደች ነው። ቃሉን ብቻ ሳይሆን አዘጋጉንም ከነዜማው ወርሰናል ማለት ነው። ወይ ደግሞ ስልክ ራሱ ነው የሚያስተምረው። ፊት ለፊት ስትለያዩ እጅ አለ፣ ትከሻ አለ፣ ጉንጭ አለ፣ እስከ በር መሸኘት አለ። ስልክ ላይ ያለው ድምፅ ብቻ ነው፤ ያንን ሁሉ እሱ ይሸከማል። ጅዳ የምትሠራ እህቴ ቻው ብላን ብላን ጨርሳ ስልኩን አትዘጋውም። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ "አለህ?" ትላለች። "አለሁ።" "እሺ ቻው በቃ።" እንደገና ዝም። ሁለታችንም ሌላው እስኪዘጋ እንጠብቃለን።

በስልክ መሰናበት ካነሳን አይቀር፣ ይቺ ቃል በአንድ ስልክ ምክንያት መንግሥት ሲናወጥ አብራ የተጠራችበትም ጊዜ አለ። ብራዚሎች ቃሉን "ቻው" ብለው ልክ እንደኛ ለመለያየት ብቻ ነው የሚጠቀሙበት። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሉላ በስልክ ያወሩት ተጠልፎ ለሕዝብ ተለቀቀ። ሉላ ንግግሩን የዘጋው እንደማንኛውም ሰው ነው፤ "ቻው፣ ውዴ" ብሎ። በወሩ የሕዝብ ተወካዮቹ ዲልማን ለመክሰስ ድምፅ ሊሰጡ ሲሰበሰቡ ተቃዋሚዎቿ ያቺኑ ሁለት ቃል በካርቶን ላይ ጽፈው ከፍ አድርገው ያዟት። የወዳጅ መሰናበቻ የነበረው ነገር የማባረሪያ መፈክር ሆነ። ስልክ ስትዘጉ ጠንቀቅ በሉ ማለቴ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አማቹን በሁለተኛው ቀን ጋራዥ ይዤው ሄድኩ። አሮጌዋ መኪናዬ ጭስ ስታበዛ ነበርና ሜካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይነግረኛል። ካንዴላው ቆሽሿል፣ ማርሚታው ተበስቷል፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ካምቢዮው ይጮኻል፣ ባሌስትራውም እንጃለት። እኔ ፊቴ እየጠቆረ ሲሄድ የአማቻችን ፊት እየበራ መጣ። የሰውየውን ንግግር ከግሡ በስተቀር ሁሉንም ሰምቶታል! አማርኛ እንዲህ ቀላል መሆኑን ማንም አልነገረኝም ብሎ ተገረመ። ግሦቹ በሙሉ "ተበላሽቷል" ማለት መሆናቸው የገባው ዋጋው ሲነገር ነው።

ጋራዡ ብቻ አይደለም። ካልሲያችን፣ ካናቴራችን፣ ቦርሳችን፣ የቁስላችን ፋሻ፣ የመኪናችን ጎማና ጋቢና፣ በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎ፣ የቡና ቤቱ ባንኮኒና ማኪያቶው፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካዛንቺስ እንኳ ግማሹ የአንድ የጣልያን መንግሥት ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው። ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበር፣ "ካዛ" ቤት ነው፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሰፈር ሆኑ። እነዚህ ቃላት ሁሉ የመጡት እቃ ላይ ተሳፍረው ነው። ማርሚታ የሚባለው ነገር ሳይመጣ ማርሚታ የሚባለው ቃል ባልመጣም ነበር።

ቻው ግን ባዶ እጁን ነው የመጣው። ምን ጎድሎን ተቀበልነው?

መሰናበቻ አልጎደለንም። እንዲያውም ተርፎናል። እስቲ ቁጠሩ። ሰውየውን ከሰዓት በኋላ የምታገኙት ከሆነ ደህና ዋል። ለምሽቱ ደህና አምሽ። ለሌሊቱ ደህና እደር። ለቀናት ከተለያያችሁ ደህና ሰንብት። ሐምሌ ጭቃው ሳይመጣ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ደህና ክረም። ለማናቸውም ደግሞ ደህና ሁን አለ። አማርኛ ሲሰናበት የመለያየቱን ርዝመት በእጁ ለክቶ ነው። ሰዓት ነው? ሌሊት ነው? ሳምንት ነው? ክረምት ነው? ይህ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ለማን ይመጣል። ዋል፣ ዋዪ፣ ዋሉ፣ ይዋሉ። እደር፣ እደሪ፣ እደሩ፣ ይደሩ። ሰንብት፣ ሰንብቺ፣ ሰንብቱ፣ ይሰንብቱ። ስድስቱን በአራት ብታበዙት ሃያ አራት መሰናበቻ ነው። በዚያ ላይ "በሰላም ያገናኘን" የሚል ምርቃት አለ፣ "እግዜር ያክብርልኝ" አለ። እንዲህ ያለ ሀብታም ቤት ውስጥ ነው ያቺ ደሃ ቃል ገብታ አልጋው ላይ የተኛችው።

ምክንያቱ እኔ እንደሚመስለኝ ሀብቱ ራሱ ነው። ሃያ አራት መሰናበቻ ካለህ በር ላይ ቆመህ ከሃያ አራቱ አንዱን መምረጥ አለብህ። እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት አለች። ዕድሜዋ እንደ መብራቱ ነው፣ ደረጃው ላይ ሠላሳ፣ ውጭ ስትወጣ ሃምሳ። ጠዋት ጠዋት እስከ ታክሲ ማቆሚያው አብረን እንወርዳለን፣ ስለ ውኃው መጥፋት እናወራለን። ስንለያይ "ደህና ዋዪ" ብላት መቼ ተዋወቅንና ነው አንቺ የምትለኝ ትላለች። "ደህና ይዋሉ" ብላት ደግሞ አሮጊት አስመሰልከኝ ብላ ለሳምንት ትኮርፋለች። እና ምን እላታለሁ? ቻው! አንተም የላት፣ አንቺም የላት፣ እርስዎም የላት። ጠዋትም ማታም የላት። ሰላማዊ ቃል ናት፣ ማንንም ትንሽ፣ ማንንም ትልቅ አታደርግም።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። ይቺ ማንንም ትንሽ የማታደርግ ቃል ስትወለድ ምን እንደነበረች አማቻችን በሦስተኛው ቀን ነገረን።

እንደተለመደው ቡና ላይ ነን። ፓዶቫ ከቬኒስ ብዙም አትርቅም፤ የቬኒስ ሰዎች ደግሞ ከሌላው ጣልያን ለየት ያለ የራሳቸው አነጋገር አላቸው። ድሮ ቬኒስ ውስጥ ሰው ሰውን ሲያገኝ ወይም ሲለይ "ስቻቮ ቮስትሮ" ይል ነበር። ትርጉሙ "ባሪያዎ ነኝ" ነው። "ዎ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ "ቮስትሮ" የአክብሮት ነውና። ሲቸኩሉ "ቮስትሮ" ተቆርጦ ቀረ፣ "ስቻቮ" ብቻ ሆነ። ከዚያ መካከሏ ሟሟና "ስቻኦ" ሆነች፣ በመጨረሻ ፊቷን "ስ"ንም ጣለችና "ቻኦ" ሆነች። የቬኒሱ ቴአትር ጸሐፊ ካርሎ ጎልዶኒ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፋቸው ኮሜዲዎች ውስጥ ሰዎች "ባሪያዎ" እየተባባሉ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ከኮሜዲዎቹ አንዱ "ቡና ቤቱ" ይባላል፣ በ1750 እ.ኤ.አ. የታየ ነው። ቡና ላይ ይህንን መጫወታችን ወግ ነው ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ለእናቷ ተረጎመችላቸው። አክስቴ ሲኒውን አስቀመጡ።

"ባሪያዎ ነኝ ማለት ነው? ቻው?"

"አዎ እማዬ።"

ጥቂት አሰቡ። አባታቸው አርበኛ ነበሩና ይህ ጉዳይ በእሳቸው ቤት ቀላል አይደለም። "እንዴ!" አሉ ቀጥለው፣ "እንግዲያው እነዚያ ሰዎች ባሪያ ነጻ እናወጣለን ብለው መጥተው፣ ባሪያዎ ነኝ እያሉ ነዋ የሄዱት!"

አማቹ ሲተረጎምለት አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። አክስቴ የተናገሩት ከቀልድ በላይ ነው። የጣልያኑ ጄኔራል ኤሚሊዮ ዴ ቦኖ ጦሩን ይዞ መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ወሩ ሳይሞላ በጥቅምት፣ ትግራይ ውስጥ ባርነት ቀርቷል የሚል አዋጅ አስነገረ። ለዓለም የሚነገረው ሰበብ አንዱ እሱ ነበር። ባርነቱ ውሸት ነበር ለማለት አይደለም፤ በእኛም ቤት ነበረ፣ ሥሩም ጥልቅ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን አጠፋዋለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር፣ በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በጋዝና በቦምብ ነጻ የሚወጣ ባሪያ ግን የለም። ሰበብ ያደረጋት ቃል ከወራሪው ከራሱ ኪስ ውስጥ ሳይታወቀው መውደቋ ነው የሚያስቀው።

እኔን የገረመኝ ግን አማቻችን ትንሽ እንደማፈር ማለቱ ነው። ባሪያ ነኝ ማለት ለሰላምታ ይከብዳል ብሎ። እኛ ዘንድ ይከብዳል እንዴ? አክስቴ ያን ቀን እሱን ሲያጎርሱ ምን እያሉ ነበር? "አፈር ስሆን!" እምቢ ሲል "በሞቴ!" ከዚያ "ስሞትልህ፣ አንዲት ብቻ!" አንድ ጉርሻ እስክትዋጥ ድረስ ሦስቴ ሞተዋል። ማንም ሰው አፈሩን አላየውም፣ ማንም ሬሳ አልታየውም። ሽማግሌዎቻችን ደብዳቤ ሲጽፉም "እጅ እነሣለሁ" ይሉ ነበር፣ ጎንበስ ማለታቸው ነው፤ ወረቀት ላይ ማን ጎንበስ ሲል ታየ? የትም አገር ትህትና እንዲህ ነው፣ ሲጀመር መሬት ይነካል፣ ሲደጋገም ይደርቅና ቅርፊቱ ይቀራል። ቪየናና ሙኒክ ውስጥ ዛሬም ጓደኛሞች ሲገናኙ "ሴርቩስ" ይባባላሉ። እሱም በላቲን "ባሪያ" ነው። ቢራ እየተጎነጩ ነው የሚባባሉት።

የቃሉ ሥር ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ቬኒስ ላይ ከቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ወጣ ሲሉ ባሕሩን ይዞ የሚሄድ ሰፊ መንገድ አለ፣ "ሪቫ ዴሊ ስኪያቮኒ" ይባላል። የስላቮች ዳርቻ ማለት ነው፤ ከማዶ ከዳልማሺያ የሚመጡ ነጋዴዎች መርከባቸውን የሚያስሩበት ነበር። "ስኪያቮኒ" እና ባሪያ ማለት የሆነው "ስኪያቮ" (ያው የቬኒሱ "ስቻቮ") የሚመሳሰሉት በአጋጣሚ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ከስላቭ ሕዝቦች ብዙ ሰው እየተማረከ ይሸጥ ስለነበር የሕዝቡ ስም በላቲን "ባሪያ" ማለት ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝኛው "ስሌቭ"፣ የፈረንሳይኛው "ኤስክላቭ" ሁሉም ከዚያው ነው። ስላቮቹ ራሳቸውን በዚያ ስም ሲጠሩ ደግሞ፣ አብዛኛው የቋንቋ ሊቅ እንደሚስማማበት፣ "ቃል ያለን፣ የምንግባባ" ማለታቸው ነበር። እና ዛሬ ቤልግሬድ ብትሄዱ፣ የሰርቢያ ወጣቶች፣ ስላቮች፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚባባሉ ታውቃላችሁ? "ቻኦ!" የገዛ ስማቸው ተሸጦ፣ ቬኒስ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ተቆራርጦ፣ ተላጭቶ፣ ከሺህ ዓመት በኋላ ሰላምታ ሆኖ ተመልሶላቸዋል። አላወቁትም። እኛስ መቼ አወቅን።

ቃሉ በመንገዱ ላይ ብዙ ቤት ገብቷል። የቼኮች "ቻው" እንደ ጣልያኖቹ ለመምጣትም ለመሄድም ነው፤ የአርጀንቲናዎቹ "ቻው" እንደኛ ለመሄድ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ሄሚንግዌይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣልያን ውስጥ የአምቡላንስ ሹፌር ሆኖ ሲያገለግል ሰምቷት በ1929 እ.ኤ.አ. ባወጣው "ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ" ውስጥ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቃት። የመጽሐፉ ስም ራሱ ስንብት መሆኑ ደስ ይላል። ዶሜኒኮ ሞዱኞ በ1959 እ.ኤ.አ. የሳንሬሞን ውድድር ያሸነፈበትን ዘፈን ዓለም የሚያውቀው በአርእስቱ ሳይሆን በቻው ቻው ነው። ሙሶሊኒን ከተዋጉት የጣልያን ደፈጣ ተዋጊዎች ጋር ስሙ የተያያዘውን "ቤላ ቻኦ"ን ደግሞ ልጆቻችን ከአንድ የስፔን ተከታታይ ፊልም ተምረው በየካፌው ያንጎራጉሩታል። የአክስቴ አባት ቢሰሙት ከጦርነቱ ወዲህ ከጣልያን የመጣ የመጀመሪያው ጥሩ ነገር ይሉት ነበር።

እኔ ራሴ ቃሏን ተጽፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ልጅ ሆኜ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሚላኖ ላይ የዓለም ዋንጫ ተከፍቶ ካሜሩን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ያስለቀሰችበት ክረምት። የዚያ ዋንጫ ምልክት በአረንጓዴ፣ በነጭና በቀይ ብሎኬቶች የተገጣጠመ፣ ራሱ ኳስ የሆነ ቀጫጫ ሰው ነበር፣ ስሙም "ቻኦ"። ሰፈራችን ያለ አንድ ልጅ አጎቱ ከውጭ ልኮለት ካናቴራው ላይ ነበረ። ስሙን ስንሰማ ለምን "ቻው" እንዳሉት በጣም ተከራክረናል። አንዱ፣ ለተሸናፊዎቹ ነው አለ፤ ሲወጡ ቻው እንዲላቸው። እስካሁን ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ስለ አክብሮት ያነሳሁትን ግን አልጨረስኩም። ቻው ማንንም አታስቀይምም ብያችሁ ነበር። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ካፖርታቸውን በሐምሌም በሚያዝያም የማያወልቁ። አንድ ማታ በራቸውን ገርበብ አድርጌ "ቻው!" ብያቸው ልወጣ ስል መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቻው የሚባለው አብሮ ብይ ለተጫወተ ነው" አሉኝ። እዚያው ቆሜ ደህና ያምሹ ብዬ ወጣሁ፣ ጆሮዬ እየጋለ። የሚገርመው ሽማግሌው ሳያውቁት የጣልያኑን ሕግ ነበር የነገሩኝ። ጣልያን ውስጥም ቻው አንተና አንቺ ለሚባባሉ ብቻ ነው። "ሌይ" ለሚባል ሰው፣ ለእርስዎ ማለት ነው፣ ቻው አይባልም። ሙሶሊኒ በ1930 ዓ.ም. በዚህም ጣልቃ ገብቶ ነበር፤ ሌይ ይቅር፣ በሱ ፈንታ "ቮይ" ይባል ብሎ ዘመቻ አወጀ። ኢትዮጵያን መያዝ አልበቃ ብሎት የገዛ ቋንቋውንም ሊወርር ተነሳ። ሁለቱም አልተሳካለትም።

የኛ ሰው መላ አያጣም፣ ይህንንም መላ አበጀለት። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ አድምጡ፦ "ቻው ቲቸር!" "ቻው ጋሼ!" "ቻው እማማ!" ቃሏ የጣለችውን አክብሮት ከኋላዋ ሰፉላት። ሱቅ የምትልኩት ልጅ "ቻው" ብቻ ብሎ ቢወጣ ስድ ነው ትላላችሁ፣ "ቻው ጋሼ" ካለ ግን ያሳደገውን ይባርክ ነው። ቬትናሞች ከቻው ጋር ምንም ዝምድና የሌላት፣ በአጋጣሚ ብቻ የምትመስላት "ቻዎ" የምትባል የራሳቸው ሰላምታ አለቻቸው። እነሱም ብቻዋን ለትልቅ ሰው አይሏትም፤ ቻዎ ታላቅ ወንድሜ፣ ቻዎ እቴቴ፣ ቻዎ አያቴ እያሉ ዘመድ ያስከትሉላታል። ከዚህ እስከ ሃኖይ ስንት አገር እንደሚታለፍ አስቡት።

አማቻችን የሚመለስበት ቀን ደረሰ። ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ስህተቱ ተቆጭቶ ኖሮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከሚስቱ ጋር አማርኛ ሲያጠና ሰንብቷል። ዋልንም እደርንም አስጠንታዋለች። ለእማዬ "ይ" ታስገባለህ፣ ለእኔ አታስገባም ብላዋለች። ሻንጣው መኪና ላይ ተጫነ። አክስቴ ድርቆሽና በርበሬ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጥተው፣ ሦስቴ ስመው፣ ጉልበታቸው እያመማቸው እስከ ግቢው በር ወጥተው ቆሙ። ሰውየው ከመኪናው ተመልሶ ወረደ። ፊታቸው ቆመ፣ ጎንበስ አለ፣ ትንፋሽ ወሰደ።

"ደህና ሰንብቺ!" አላቸው።

ከሚስቱ አፍ እንደተቀበለው ነው፣ በየማታው ስታለማምደው ለራሷ የምታስብለውን። ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ወደ ግንቡ ዞርኩ። አክስቴ ከልጃቸው አባት ሞት ወዲህ በዚያች ግቢ ውስጥ እንዲህ የጠራቸው ወንድ የለም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። መኪናው ተነሳ፣ አቧራው ተነሳ፣ አማቹ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ትክክል ነህ እስኪሉት ይጠብቃል።

አክስቴ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። መዳፋቸውን እንደዚያች ሕፃን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ።

"ቻው!" አሉት።